በሚካኤል ደጅ ያጎደልኩት ምስጋና

ግራ ጆሮዬ ውስጥ ዛሬም ድረስ አንድ ነገር ይጮሃል። እንደ ፌንጣ ያለ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ቀንም ሌትም አይቆምም። ከመርፌው የተረፈኝ ምልክት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ተመስገን፣ ይቺማ ምን አላት» እላለሁ። ከእኔ የባሰባትን ሴት አውቃለሁና እውነቴን ነው። ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ብዬ ነው። የራሴን ሕመም ከመጀመሪያው ካልተናገርኩ ግን የእሷ ነገር አይገባም።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ኋላ በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ንባቤን ያደስኩ የቆቦ ሴት ነኝ። የአራት ልጆች እናት ነኝ። የምናገረው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት የሆነውን ነው።

ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። ባለቤቴ አሰፋ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲበዛበት እኔ ማማ ላይ እየወጣሁ ወፍ እጠብቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ እየጮኹ ወንጭፍ ማስጮህ ነው ሥራው። አንድ ቀን ድምፄ ተዘጋና ሳል ጀመረኝ። ከጩኸቱ ነው አልኩ። ማሽላው ታጭዶ ከገባ በኋላም ሳሉ አልተወኝም። ሲመሽ ትኩሳት ይነሣብኛል፣ ሲነጋ ልብሴ በላብ ርሶ ይገኛል።

እኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። መራራውን የወባ ኪኒን ዋጥኩ። አልሆነም። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ታሸሁ። ሮቢት ላይ በቤቱ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ ተባለና አሰፋ አንዲት ፍየል ሸጦ ወሰደኝ። ሰውየው ሳያዳምጠኝ፣ ሳይነካኝ፣ «ብርድ ነው፣ ብርድ ሳንባሽን መቶታል» አለና ሁለት ቀን ወጋኝ። ሳምንት ያህል ሻል አለኝ፤ አሰፋም «አየሽ?» አለኝ። ከዚያ የነበረው ሁሉ ብሶ ተመለሰ። ቀሚሴ ላዬ ላይ እንደ ጆንያ ሆነ።

እኔ ከድሮም የምሠጋ ሴት ነኝ። ልጆቼ ሲተኙ ግንባራቸውን ሳልዳስስ አልተኛም። በዚያ ወራት ትንሹ ልጄ አንድ ጊዜ በሳለ ቁጥር ልቤ ይወድቅ ነበር። ለራሴ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። የበለጠ የምፈራው ግን እኔ ሞቼ እነሱ ሲቀሩ ነበር።

ዘሀራ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። በእሷና በእኛ ግቢ መካከል ያለው የእሾህ አጥር ብቻ ነው። እሷ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግናቸው። ባሏ ግመል ጭኖ ወደ አፋር የሚወርድ ነጋዴ ነበር። አንድ ጠዋት እሳት ልትጭር መጥታ ስስል አየችኝ። የሳልኩበትን ጨርቅ ልደብቅ ስል እጄን ያዘችኝ። ደም ነበረበት።

«ይሄ ወባ አይደለም» አለች። «የእናቴ ወንድም እንዲህ ሆኖ ነው የሄደው። ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«አሰፋ ገና አሁን ፍየል ሸጦ...»

«አሰፋን ለእኔ ተይው። አንቺ ነጠላሽን ብቻ እጠቢ፤ ሲያዩሽ የታመምሽ ሳይሆን ሜዳ ላይ የተጣልሽ ነው የምትመስዪው።»

በዚያ ሁሉ መካከል አሳቀችኝ። ሳቁ መልሶ አሳለኝ።

ጤና ጣቢያው ከኒም ዛፍ ሥር ረጅም አግዳሚ ነበረው። እዚያ ላይ የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ የትም ጠብቄ አላውቅም። ሦስት ጠዋት አክታዬን በትንሽ ዕቃ ይዤ መጣሁ። ከዚያ ለራጅ ወልድያ ላኩኝ። ራጅ ማለት ደረትን ከውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ከክፍሉ ደጃፍ ቆሜ ስጠብቅ ስለት ተሳልኩ። «ቅዱስ ሚካኤል፣ ለልጆቼ ካቆየኸኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ፤ በሕዝብ ፊትም ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» አልኩ።

ፎቶውን ቆቦ ላይ ያየልኝ ግርማይ የሚባል ጤና ረዳት ነው። «የሳንባ ነቀርሳ ነው። በትንፋሽ ይተላለፋል። መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ይድናል» አለኝ። እኔ የሰማሁት መተላለፉን ብቻ ነው። መዳኑን ዘሀራ ናት የሰማችልኝ። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከእሱ ጋር የሚጀመር እንክብል ደግሞ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ድረስ። «አንድ ቀን እንዳታሳልፊ» አለ። «ደህና ሆንኩ ብለሽ ብትተዪው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመጣል። ያኔ እኔም አልችለውም።» ይህን ሲናገር በጣቱ ጠረጴዛውን መታ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለዚህ ነው ጥፋቴን ባለማወቅ ነው ማለት የማልችለው።

ለትልቋ ልጄ ለብርቄ ያን ዓመት ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የሳንባ በሽታ ካለበት ቤት ማን ይጋባል? አሰፋም «ወባ ናት እንበል» አለ፤ እኔም ወባ ናት አልኩ። እንክብሉን ቤቴ ብናስቀምጠው እንግዳ ያየዋል ብለን ዘሀራ ዘንድ፣ የባሏ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በባዶ ሆድ ስለሚያቃጥል ግርማይ በወተት ዋጪው ብሎኛል። ጊዜው ደግሞ ዓቢይ ጾም ነበር። የነፍስ አባቴን ቄስ ይመርን ጠይቄ ብፈታ ኖሮ ደግ፤ እኔ ግን ብጠይቃቸው በሽታውን ልነግራቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ በጾም፣ ተደብቄ፣ በእስላም ጎረቤቴ ቤት ወተት እጠጣ ነበር።

ዘሀራ ሁልጊዜ ማለዳ በአጥሩ ላይ ትጣራለች፤ «ነይማ፣ ወተቱ ሊፈስ ነው!» የመድኃኒት ሰዓት ደረሰ ማለቷ ነው። እኔም ብድግ ብዬ እሄዳለሁ። በእጇ ታቀብለኛለች፤ እስክውጥ ዓይኗን አትነቅልም። «አፍሽን ክፈቺ» ትለኛለች እንደ ልጅ። «አብሽሪ፣ አንድ ቀን ቀነሰ።» ከሁለት ወር በኋላ መርፌው አለቀ፤ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ፤ ሰውነቴ ግን ተመለሰ። ጥሪዋ አንድም ቀን አልቀረም።

በመርፌው ወራት በአግዳሚው ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋወቅኩ። ዓለሚቱ ትባላለች፣ የዋጃ ልጅ ናት። አንድ ሕፃን አላት። ለመርፌው ብላ ቆቦ አክስቷ ቤት አርፋ ነበር። አፏ አይቆምም፤ የታመመ ሰው እንዲያ ሲያስቅ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ መቀመጫችን እኮ ወንፊት ሆነ» ትለኛለች። «ዱቄት ይነፋበት ነበር።»

ግርማይ ከውስጥ ይሰማና «ዓለሚቱ፣ ዛሬ በትልቁ መርፌ ነው የምወጋሽ» ይላል።

«ውጋ፤ አንተ ሌላ ተወጊ ታገኛለህ፣ እኔ ግን ሌላ መቀመጫ ከየት አመጣለሁ?»

ከእሷ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም፤ በሽታችን አንድ ነበር። ስለቴንም ነግሬያታለሁ። «እኔም እመጣለሁ፤ ጃንጥላሽን ስታገቢ እልል የምልልሽ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እንክብሉን ለመጨረስ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረኝ ነበር። ግን ወፍሬአለሁ፣ ሳሉ ጠፍቷል፤ ስለቴ ዕዳ ሆኖብኝ አላስቀምጠኝ አለ። በዓሉ ቀን ማለዳ ዘሀራ እንደ ልማዷ ጠራችኝ። እንክብሌን ውጬ ወጣሁ። ጃንጥላውን እኔ ስደክም እሷ ተቀብላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተሸከመችልኝ። ከደጁ ውጭ ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ትንሹን ልጄን ይዛ ቀረች።

የእኛን አገር ልማድ ለማያውቅ ልናገር። ታቦቱ ወጥቶ ካረፈ በኋላ ባለ ስለቶች ተራ በተራ እየቀረቡ የተደረገላቸውን ይናገራሉ። ሕዝቡም እልል ይላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስሰማ አድጌአለሁ። አነጋገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐኪም ተስፋ ቆረጠብኝ፣ ሰው አልረዳኝም፣ ታቦቱ ብቻ ደረሰልኝ ይባላል። ሐኪሙ ባነሰ መጠን እልልታው ይበዛል። ማንም እንዲህ በይ ያለኝ የለም። ብቻ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ከፊት የብርቄን አማቾች ሳይ፣ ቃሉ ራሱ መጣልኝ።

«ታምሜ ሐኪም አልቻለኝም። መድኃኒት አልሆነኝም። የሰው እጅ አልነካኝም። ጠበሉን ጠጥቼ ሚካኤል አዳነኝ!»

ጠበሉን መጠጣቴ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የዋጥኩት እንክብል ገና ሆዴ ውስጥ ነበር።

እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ በላይ የሚሰማ አንድ የሴት ድምፅ ነበር። ዞር ስል ዓለሚቱ ናት፤ ሕፃኗን አዝላ፣ እንባዋ እየወረደ እልል ትላለች። ቃሏን አክብራ መጥታለች። ደስ አለኝ። ሌላ ምንም አልታየኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘሀራ ልጄን እንዳዘለች ነበር። ድምፅ እስከ ሮቃው እንደሚሰማ አውቃለሁ። «ጥሩ ተናገርሽ» አለችኝ። በማግስቱ ማለዳ በአጥሩ ላይ «ነይማ፣ ወተቱ ሊፈስ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ዓይኗን ሳላይ ዋጥኩ።

ታኅሣሥ ሲያልቅ የወሩን እንክብል ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግርማይ መዝገቡን ገልጦ «ያቺ ተጫዋቿ የዋጃ ልጅ የት ገባች?» አለኝ። «ለኅዳርም ለታኅሣሥም አልመጣችም። ጓደኛሽ አልነበረች?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ሳይነግረኝ ነገሩ ገባኝ። ሌላው ሰው ከእኔ ቢሰማ ወባ ዳነላት ይላል። ዓለሚቱ ግን በሽታዬን ታውቃለች፤ መርፌ ስወጋ አጠገቤ ነበረች። አብሬያት የተወጋሁት እኔ ከታቦት ፊት ቆሜ «መድኃኒት አልሆነኝም» ካልኩ፣ እንክብሉን ጥላ ጠበል ገብታ ነው የዳነችው ከማለት በቀር ምን ትል?

ቤት ገብቼ ለዘሀራ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻሿን አሰረችና «ተነሽ፣ ዋጃ እንሂድ» አለች። ዋጃ ስንደርስ ባሏ «ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ጠበል ናት» አለን። ጠበሉ ከተራራው ሥር ነው፤ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። በመንገዱ ላይ ዘሀራ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ስሜን አለመጥራትሽ አልቆረቆረኝም፤ እኔ ለአላህ ብዬ ነው። ግን ያን እንክብል የሠራው ሰው ልቡን ማን ሰጠው ብለሽ ነው?»

ዓለሚቱን ባየኋት ጊዜ አላወቅኋትም። ከሰሌን ላይ ተቀምጣለች፣ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል፤ ሕፃኗ ደረቅ ጡቷን ይጎትታል። እኔን ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«እትዬ! ልትጠይቂኝ መጣሽ? ያንቺ ስንት ቀን ፈጀብሽ? እኔ ይኸው አርባ ቀኔ አለፈ፤ ኃጢአቴ በዝቶ ነው መሰል ዘገየብኝ።»

እንዲህ አለች። ኃጢአቴ በዝቶ ነው አለች።

«ዓለሚቱ፣ እንክብሉን አልተውኩትም» አልኳት። «ዛሬም ጠዋት ውጫለሁ። ያን ቀንም ውጬ ነው የመጣሁት።»

ቶሎ አልገባትም። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ፤ «እና ታቦቱ ፊት ዋሸሽ? ወይስ አሁን ነው የምትዋሺኝ?»

«ያኔ ነው የዋሸሁት።»

«ለምን?»

ለልጄ ጋብቻ ብዬ ነው ልል ነበር፤ ልጇን ታቅፋ ከፊቴ ተቀምጣ ያን እንዴት እላለሁ? ፊቷን አዞረችብኝ። አጥማቂው አባት ነገሩን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው «መድኃኒት ጨርሻለሁ ብላኝ እኮ ነው! ማን በጠበል እንክብል አትዋጡ አለ? እኔ ራሴ ለዓይኔ ቅባት እቀባ የለም እንዴ!» ብለው ጮኹ።

ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ ብንላት እሺ አላለችም። በማግስቱ ዘሀራ ሕፃኑን አዝላ መንገድ ስትጀምር ነው የተከተለችን። ግርማይ ሲያያት አልተቆጣም። መዝገቡን ገለጠና «እንደገና ከመጀመሪያው ነው። መርፌውም እንደገና» አለ። ከዚያ በትግርኛ «ኣጆኺ» አላት፤ እኔንም ስፈራ እንዲሁ ይለኝ ነበር፤ አይዞሽ ማለት ነው።

የእኔን ጆሮ ያስጮኸው መርፌ ነው። በእሷ ላይ ሁለተኛ ዙር ተደገመ። በመጀመሪያው ወር «ይጮሃል» አለች። በሁለተኛው ወር አግዳሚው ላይ ሳለን ጠራኋት፤ አልዞረችም። ትከሻዋን ስነካት ደነገጠች። ግርማይ መርፌውን አቁሞ በሌላ እንክብል ተካው፤ የሄደው ግን አልተመለሰም። ሳንባዋ ዳነ። ሕፃኗም ተመርምሮ ደህና ተባለ። ጆሮዎቿ ግን ተዘጉ። ያቺ አፏ የማይቆም ልጅ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ እያለባት ቀስ በቀስ ማውራት ተወች።

ያኔ ቄስ ይመር ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ወተቱንም፣ ውሸቱንም፣ ዓለሚቱንም። ብዙ ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር፤ ቢያዙኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ለእግዚአብሔር አብልጠሽ የሰጠሽው መስሎሽ ነው» አሉኝ። «ግን እስቲ አስቢው፤ ዘሀራን ማን ላካት? ያን ጤና ረዳት ማን አስቀመጠልሽ? እነሱን ስትደብቂ የደበቅሽው የእሱን እጅ ነው። ምስጋና ማለት የተደረገልሽን እንደተደረገልሽ መናገር ነው። ስግደቱን ተይው። ለኅዳር ሚካኤል እዚያው ቦታ ቁሚና ደግመሽ ተናገሪ።»

ለአሰፋ ስነግረው ከመቀመጫው ተነሣ። «ለብርቄ አታስቢም? ለእነዚያ ሰዎች በአፍሽ ልትነግሪያቸው ነው?»

«በአፌ ነው የዋሸሁት» አልኩት። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም።

እንክብሌን ነሐሴ ላይ ጨረስኩ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ጃንጥላ ሳልይዝ በባለ ስለቶቹ ተራ ቆምኩ። ዘሀራ እንደ አምናው ሮቃው ሥር ነበረች። ዓለሚቱ መምጣቷን አላወቅኩም ነበር፤ ከፊት ቆማለች፣ ዓይኗን ከአፌ አልነቀለችም።

«አምና እዚህ ቆሜ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «የታመምኩት የሳንባ ነቀርሳ ነው። እግዚአብሔር ያዳነኝ በመድኃኒት ነው። መድኃኒቱን የሰጠኝ ግርማይ ነው። ዓመት ከመንፈቅ በእጇ ያስዋጠችኝ ዘሀራ ናት፤ ያቻትና ከደጁ ውጭ። እኔ ይህን ደብቄ ባመሰግን፣ ቃሌን ሰምታ መድኃኒቷን የጣለች እህቴ ጆሮዋን አጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ።»

እልል ያለ የለም። እዚህም እዚያም መንሾካሾክ ብቻ ነበር። የብርቄ አማቾች ሰዉን ገፍተው ወጡ። በሳምንቱ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት፤ ብርቄ አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፈችኝ። ኋላ ሌላ አገባች፤ ይቅር ያለችኝ ግን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሲያማት፣ ሐኪም ቤት ይዣት በሄድኩ ቀን ነው።

ከተራው ስወጣ ዓለሚቱ እጄን ያዘች። «ምን አልሽ?» አለችኝ፤ ድምፅዋን ስለማትሰማው ጮክ ብላ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ደረቴን መታሁ፤ በሁለት ጣቴ እንክብል ወደ አፌ ስወስድ አሳየኋት፤ ወደ ሮቃው ወደ ዘሀራ ጠቆምኩ፤ ወደ ጤና ጣቢያው ጠቆምኩ፤ ከዚያ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። መጨረሻ ላይ የራሷን ጆሮ ዳሰስኩና አጎንብሼ እግሯን ልነካ ስል ከክንዴ ያዘችኝ።

ሕዝቡን ዞር ብላ አየች። «እልል አሉ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አላሉም።

አፏን በእጇ ከልላ ብቻዋን እልል አለች። ድምፁ እንደ አምናው ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ይሰበራል፣ ይወድቃል፣ መልሶ ይነሣል። እሷ አልሰማችውም። እኔ ግን በሚጮኸው ጆሮዬም በደህናውም ሰማሁት።